አኮማ፦ አምባቸውን ያልለቀቁ ሰዎች

የአልበከርኪው፦

«አሜሪካ ታሪኳ አጭር ነው» ሲባል መስማት ሰልችቶኛል። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ካለችው ከአልበከርኪ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ቢነዱ አኮማ ይደርሳሉ። ከሜዳው ከ110 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። አናቱ ላይ መንደር አለ። ሰዎቹ እዚያ የሰፈሩት ቢያንስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬም አሉ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።)

አኮማ ፑዌብሎ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው። እነሱም ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ብቻ 19 ማኅበረሰቦች ናቸው። ከውጭ ለሚያይ አንድ ይመስላሉ። ቤታቸው የጭቃና የድንጋይ ነው፤ በቆሎ ይዘራሉ፤ በዓላቸው ያለ ከበሮ አይሆንም። ቋንቋቸው ግን የተለያየ ነው። አኮማዎች ኬሬስ ይናገራሉ። ታኦስ ላይ ቲዋ ነው፣ ሄሜዝ ላይ ቶዋ። ዙኒ ደግሞ ከማንም ጋር የማይዛመድ ቋንቋ አለው። መሬቱም አስተዳደሩም ለየብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በጅምላ ከማውራት ስለ አንዱ በደንብ እናውራ ብዬ አኮማን መረጥኩ።

በ1598 ሁዋን ዴ ኦንያቴ የተባለ የስፔን አዝማች ሰፋሪና ወታደር አስከትሎ መጣ። አገሩን የስፔን ንጉሥ ግዛት ነው አለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዘመዱ ሁዋን ዴ ሳልዲቫር አኮማ ወጥቶ ስንቅ ጠየቀ። ብርዱ የጠናበት፣ ሰው ያለውን እህል ቆጥቦ የሚበላበት ጊዜ ነው። ጠብ ተነሳ። ሳልዲቫርና ከአሥር በላይ ሰዎቹ ተገደሉ።

ኦንያቴ የሟቹን ወንድም ቪሴንቴን 70 ያህል ወታደር አስይዞ ላከው። ጃንዋሪ 1599 ላይ ሦስት ቀን ተዋጉ። ስፔኖቹ በአንዱ ገደል የሚወጡ መስለው ሕዝቡን አዘናጉ፤ ጥቂቶቹ በሌላው በኩል ወጡ። መድፍም ጎትተው አወጡ። መንደሩ ተቃጠለ። የሟቹ ቁጥር 800 ገደማ እንደሆነ ነው የሚጻፈው። የተረፉት ሳንቶ ዶሚንጎ ወደሚባል ሌላ ፑዌብሎ ተነድተው ተፈረደባቸው። ከ25 ዓመት በላይ የሆኑ 24 ወንዶች አንድ እግራቸው እንዲቆረጥና 20 ዓመት በባርነት እንዲያገለግሉ ተባለ። ከ12 ዓመት በላይ የሆነው ሌላው ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ 20 ዓመት ተፈረደበት። 60 ያህል ትንንሽ ልጃገረዶች ሜክሲኮ ወዳሉ ገዳማት ተላኩ። አጋጣሚ ሆኖ እዚያ የተገኙ፣ ሆፒ ከሚባል ሌላ ነባር ሕዝብ የሆኑ ሁለት ሰዎች ቀኝ እጃቸው ተቆርጦ፣ አገራቸው ገብተው ያዩትን እንዲያወሩ ተለቀቁ።

እኔ ግን እዚህ ላይ ማቆም አልፈልግም። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ይዘጋዋል። አኮማዎች ተመልሰው አምባቸው ላይ ወጡ። መንደሩን ደግመው ሠሩት። ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ሄዶ ያየ ወይም ያነበበ ካለ ይጨምርበት።

ሰናይት_ዴንቨር፦

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ፎቶ ላይ አምባው ላይ ትልቅ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አይቻለሁ። እግራቸውን የቆረጠው ሰው ያመጣውን ሃይማኖት እንዴት ተቀበሉት? ቤተ ክርስቲያኑንስ ለምን አላፈረሱትም?

የአልበከርኪው፦

ሰኒ፣ እኔም መጀመሪያ የገረመኝ እሱ ነው።

ሳን እስቴባን ይባላል። በ1629 ሁዋን ራሚሬዝ የተባለ መነኩሴ መጥቶ ነው ያሠራው፤ ዓመታት ፈጅቷል። የሠሩት ግን እነሱ ናቸው። ድንጋዩ፣ ጭቃው፣ ውሃው በሰው ጀርባ ገደሉን ወጣ። የጣሪያው ግንድ ከቴይለር ተራራ ነው የመጣው፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አምባው አለት ስለሆነ ሬሳ የሚቀበርበት አፈር እንኳ አልነበረም። እሱንም ከታች ተሸክመው አወጡት። ቅጥር ሠርተው ሞሉት።

እኔ እንደገባኝ ነገሩ መቀበልና አለመቀበል አይደለም። ያ ቤት የአያቶቻቸው ላብ ነው። ያፈረሰው የእነሱን ድካም ነው የሚያፈርሰው። የራሳቸውን እምነትም አልተዉም። ኪቫ የሚባለው የጸሎት ክፍላቸው በሌሎች ፑዌብሎዎች ብዙ ጊዜ ክብ ነው፣ ለብቻው ነው የሚቆመው። አኮማ ላይ ግን አራት ማዕዘን ሆኖ ከመኖሪያ ቤቶቹ ጋር ተያይዞ ነው የተሠራው። ወደ ጣሪያው የተዘረጋውን መሰላል ካላዩ ተራ ቤት ነው የሚመስለው። ከሚሲዮኖቹ ዓይን ለመሰወር ነው ይባላል።

የመቃብሩ ቅጥር ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። አስጎብኚዋ አሳየችን። ተወስደው የቀሩት ልጆች ነፍስ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ነው አለች። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልሰጠችም፤ እኛም አልጠየቅንም።

አንባቢው፦

ስለ እግሩ ጉዳይ ልጨምር። የፍርዱ ጽሑፍ የሚለው አንድ እግር ነው። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ሌሎች ሰነዶችን ጠቅሰው የተቆረጠው የእግር ጣት ነው ብለው ይከራከራሉ። ምክንያታቸው 20 ዓመት ሊያሠሩት የፈለጉትን ሰው እግር ማን ይቆርጣል የሚል ነው።

ኦንያቴም ሳይጠየቅ አልቀረም። በ1614 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በጭካኔና በሌሎች ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ ከኒው ሜክሲኮ ለዘለቄታው ተባረረ። ያኔ በራሳቸው በስፔኖቹ ሕግ እንኳ ጥፋት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «በጊዜው ሁሉም እንዲያ ነበር» የሚል ካለ ይህን ያንብብ።

በ1998 ገደማ አልካልዴ በሚባለው አካባቢ የቆመው የኦንያቴ ሐውልት ቀኝ እግሩ በሌሊት ተቆርጦ ተገኘ። ኦንያቴ የመጣበት 400ኛ ዓመት የሚከበርበት ጊዜ ነበር። በ2020 ሐውልቱ ራሱ ተነሳ።

የአልበከርኪው፦

አንባቢው፣ አመሰግናለሁ። ጣትም ይሁን እግር፣ አኮማ ላይ ትዝታው እንደተቀመጠ ነው። 400 ዓመት ያለፈው ነገር ለእነሱ የቤተሰብ ወሬ ነው።

ሾፌሩ_አይ40፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ በኢንተርስቴት 40 በየጊዜው አልፋለሁ። መውጫ 102 ላይ ያለውን የስካይ ሲቲ ካዚኖና የነዳጅ ማደያ ሁላችንም የምናቆምበት ነው። የአኮማ ሰዎች የሚኖሩት እዚያው አካባቢ ይመስለኝ ነበር። አምባው ላይ አሁን በእርግጥ ሰው አለ? ወይስ ለቱሪስት ብቻ ነው?

የአልበከርኪው፦

ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነት ነው። አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው ታች ነው፣ አኮሚታና ማካርቲስ በሚባሉ መንደሮች። ትምህርት ቤቱም ሥራውም እዚያ ነው። አምባው ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። መብራት አልገባም። የቧንቧ ውሃ የለም። ዝናብ የሚጠራቀምባቸው የድንጋይ ጉድጓዶች አሉ፣ ድሮ ያጠጧቸው እነሱ ናቸው።

ግን ባዶ ቤት ማለት የተተወ ቤት አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ባለቤት አለው። ቤቱ የሴቶቹ ነው፤ ለመጨረሻዋ ሴት ልጅ ይተላለፋል። ልጆች የሚቆጠሩትም በእናታቸው ጎሳ ነው። በዓል ሲደርስ ሁሉም ወደ ላይ ይወጣል። ግድግዳ ይመረጋል፣ ምድጃ ይነዳል፣ ዘመድ ከየከተማው ይሰበሰባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመኪና መንገድ ከመሠራቱ በፊት መውጫው ገደሉ ላይ የተፈለፈለ ደረጃ ነበር። አሁንም አለ። ስትወርድ እሱን መምረጥ ትችላለህ። አለቱ ላይ ለእጅ መያዣ የተቦረቦረ ቦታ አለው፤ ከብዙ መዳፍ ብዛት ልሟል።

ሸክላ_ወዳጅ፦

የአኮማ ሸክላ ሳይነሳ ይህ ውይይት አያልቅም!

የምኖረው ሳንታ ፌ ነው፤ ሸክላ ስለምወድ የአኮማ ሴቶችን ሥራ ለዓመታት ተከታትያለሁ። አፈሩ ግራጫ ነው፤ ከራሳቸው መሬት ነው የሚቆፈረው። ይነከራል፣ ይነፋል። ከዚያ የአሮጌ ሸክላ ገል ፈጭተው ይቀላቅሉበታል፤ ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ። ስለዚህ አዲሱ እንስራ ውስጥ የአያት ሸክላ አለ። አሠራሩ ጭቃውን እንደ ገመድ እያድበለበሉ ዙሪያውን መደራረብ ነው፤ የሸክላ መንኮራኩር የለም። በቅል ስባሪ እየፋቁ ግድግዳውን ያሳሱታል። የአኮማ ሸክላ በስስነቱ ነው የሚታወቀው። ስታነሳው ይቀልሃል፤ በጣትህ ስትመታው እንደ ደወል ይጮኻል።

በነጭ አፈር ቀብተው በለስላሳ ድንጋይ ያሹታል። ሥዕሉ የሚሳለው ዩካ በሚባል ተክል ቅጠል ነው። ጫፉን ያኝኩትና ጥቂት ክር ሲቀረው ብሩሽ ይሆናል። ጥቁሩ ቀለም የዱር ቅጠል ተቀቅሎ ከብረት አዘል ድንጋይ ጋር የተፈጨ ነው። በዚያ ብሩሽ ጸጉር የሚያክል መስመር እጅ ሳይንቀጠቀጥ ከአፍ እስከ ወገብ ይሰመራል፤ ረቂቁ መስመር ዝናብ ነው ይላሉ። ድሮ የሚተኮሰው በኩበት ነበር። አሁን ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይተኩሳሉ።

ሉሲ ሉዊስና ማሪ ቺኖ የሚባሉ እናቶች በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጥንቱን የገል ላይ ንድፍ አይተው መልሰው አነሡት። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አሁንም ይሠራሉ።

ለመግዛት ለምታስቡ አንድ ነገር። ፋብሪካ የወጣ ባዶ ሸክላ ተገዝቶ ሥዕል ብቻ የሚሳልበትም አለ። እሱ ርካሽ ነው፤ ሻጮቹም ስትጠይቋቸው አይደብቁም። በእጅ የተሠራው ዋጋው ከፍ ይላል። እባካችሁ አትከራከሩ። የወራት ሥራ ነው።

ናቲ_21፦

እሺ ሁሉም ደስ ይላል፣ ግን ቪዲዮ መቅረጽ ለምን ይከለከላል? የጉብኝት ሕጉን ድረ ገጹ ላይ አነበብኩ። ፎቶ በፈቃድ፣ ቪዲዮ ጭራሽ አይቻልም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥና መቃብሩ ጋ ፎቶም የለም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጠቅላላ ዝግ ነው። ባህሉ እንዲታወቅ ከፈለጉ መክፈት አለባቸው ባይ ነኝ። ተደብቆ የሚኖር ባህል ይጠፋል።

የአልበከርኪው፦

ናቲ፣ ሐሳብህን በቅንነት እንዳነሳኸው ይገባኛል። ግን ተቃራኒውን ነው የማምነው።

አንድ ታሪክ ልንገርህ። አኮማ ውስጥ የክብረ በዓል ጋሻ ነበር። በ1970ዎቹ ከጠባቂው ቤት ተሰረቀ። እንዲህ ያለ ዕቃ በአኮማ ሕግ የማንም የግል ንብረት አይደለም። የሚያስቀምጠው ሰው ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ቢፈልግም መሸጥ አይችልም። ከ40 ዓመት በኋላ ጋሻው ፓሪስ ላይ ለጨረታ ቀረበ። የፈረንሳይ ሕግ የአኮማን ሕግ አያውቅም። የአኮማ መሪዎች ጮኹ፣ የአሜሪካ መንግሥትም ገባበት። በ2016 ከጨረታ ወጣ፤ በኖቬምበር 2019 አገሩ ገባ። በ2022 መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዲህ ያሉ ቅርሶች ከአሜሪካ እንዳይወጡ የሚከለክል ሕግ ጸደቀ። አኮማዎች ለዚያ ሕግ ለዓመታት ደክመዋል።

ይህ የደረሰበት ሰው ለካሜራ በሩን ቢዘጋ ይፈረድበታል? ጭፈራው ጸሎት ነው። መድረክ ላይ የሚቀርብ ትርኢት አይደለም። ምን እንደሚከፈትና ምን እንደሚዘጋ የሚወስኑት እነሱ መሆናቸው ነው እስከዛሬ ያቆያቸው።

ሰናይት_ዴንቨር፦

ስለ ጋሻው ሳነብ መቅደላ ነው ትዝ ያለኝ። እኛም እንግሊዝ የወሰደብንን ታቦትና መጽሐፍ ዛሬም እየጠየቅን ነው። ናቲ፣ ታቦት በመስታወት ውስጥ ሆኖ ሰው ፎቶ ሲያነሳው አስበው። እኛ ወደ መቅደስ ማንንም አናስገባም እኮ።

ናቲ_21፦

በዚህ በኩል አላየሁትም ነበር። ገባኝ። ግን ወጣቶቻቸውስ? እነሱም ስልክ አላቸው፤ ቋንቋውን ይናገራሉ?

መምህርት_ዘ፦

ናቲ የጠየቀው ከባድ ጥያቄ ነው። አስተማሪ ስለሆንኩ እኔ ልሞክር።

ከ1880ዎቹ ጀምሮ የፑዌብሎ ልጆች ከቤታቸው እየተወሰዱ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር። አንዱ አልበከርኪ ውስጥ ነበር። አንዳንዶቹ ፔንሲልቬንያ ድረስ ወደ ካርላይል ተልከዋል። ጸጉራቸው ተቆረጠ፤ በቋንቋቸው ሲያወሩ ይቀጡ ነበር። ከዚያ የተመለሰ ሰው ልጁ እንዳይቀጣበት ብሎ በእንግሊዝኛ ያሳደገ አለ። ስለዚህ ዛሬ አቀላጥፈው የሚናገሩት በአብዛኛው ትልልቆቹ ናቸው።

አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ኬሬስ የሚናገሩ ብዙ ማኅበረሰቦች ቋንቋው በጽሑፍ እንዲሰራጭ አይፈልጉም። ውስጡ ጸሎት ስላለበት፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ እንዲሄድ ነው የሚሹት። ይህ ማለት መማሪያ መጽሐፍ ገዝተህ አትማርም። አያትህ ጋ ቁጭ ማለት አለብህ። ኮቺቲ ላይ፣ እሱም ኬሬስ ተናጋሪ ነው፣ በ2012 የተከፈተ የሕፃናት ትምህርት ቤት አለ። ትንንሾቹ ቀኑን ሙሉ በኬሬስ ነው የሚውሉት። ይጫወታሉ፣ ይበላሉ፣ ይቆጣሉ፣ ሁሉም በኬሬስ።

እዚህ አሜሪካ አማርኛ ለልጆቻችን ለማስተማር የምንለፋ ወላጆች ይህን ብናይ ጥሩ ነው። እኛ ቢያንስ ቋንቋው የሚነገርበት አገር አለን። እነሱ ሌላ ቦታ የላቸውም።

የታሪክ_ተማሪ፦

የ1680ውን አመፅ ማንም አላነሳውም?

በ1675 የስፔኑ ገዥ 47 የፑዌብሎ የሃይማኖት መሪዎችን በጥንቆላ ከስሶ አብዛኞቹን ሳንታ ፌ ላይ አስገረፈ። ከተገረፉት አንዱ ፖፔ ይባላል፤ ኦኬ ኦዊንጌ የሚባል ፑዌብሎ ሰው ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ሰው ሌሎቹን መሪዎች አስተባብሮ፣ ቋንቋቸው የማይገናኝ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚራራቁ መንደሮች በአንድ ቀን እንዲነሱ አደረገ። መልእክቱ የተላከው በሯጮች ነው። ሯጩ የዩካ ገመድ ይዞ ይሄዳል። ገመዱ ላይ ቋጠሮ አለ። በየቀኑ አንድ ይፈታል፤ ሲያልቅ ቀኑ ደረሰ ማለት ነው። ሁለት ሯጮች ተይዘው ምስጢሩ ስለወጣ ቀኑን አስቀደሙት። ኦገስት 10 ሆነ። 400 ያህል ስፔኖች ተገደሉ፤ 21ዱ መነኮሳት ነበሩ። የቀሩት ወደ ኤል ፓሶ ሸሹ። ስፔን የተመለሰችው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። አኮማም በአመፁ ነበረበት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን አልፈረሰም።

ስፔኖች ከተመለሱ በኋላ ሕዝቡን እንደ በፊቱ አልጨቆኑትም። በኔ እምነት ፑዌብሎዎች ቋንቋቸውንና ጸሎታቸውን ይዘው ዛሬ የደረሱት በእነዚያ 12 ዓመታት ነው። ዋሽንግተን ላላችሁ፣ የፖፔ የእብነ በረድ ሐውልት ከ2005 ጀምሮ ካፒቶል ውስጥ ቆሟል። ቀራጩ የሄሜዝ ፑዌብሎ ሰው ክሊፍ ፍራጉዋ ነው። እጁ ላይ የያዘውን ገመድ አስተውሉ።

ሾፌሩ_አይ40፦

የተማሩ ሰዎች ያሉበት ቤት ነው ለካ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ከመንገዱ በስተሰሜን የሚታየው አናቱ በረዶ የሚይዘው ትልቁ ተራራ ነው ቴይለር?

የአልበከርኪው፦

እሱ ነው። በኬሬስ ካዌሽቲማ ይሉታል። ለአኮማ፣ ለላጉና፣ ለዙኒ፣ ለሆፒና ለናቫሆ ቅዱስ ነው። አካባቢው ግን ዩራኒየም አለበት። ጎረቤታቸው ላጉና ላይ ከ1953 እስከ 1982 ጃክፓይል የሚባል ግዙፍ የዩራኒየም ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ መንደሩ አፍንጫ ሥር። ሥራ አስገኝቶ ነበር፣ ጥሎት የሄደው ቆሻሻ ግን እስካሁን አልጠራም። በኋላ ተራራው ላይ አዲስ ቁፋሮ ሲታሰብ አምስቱ ሕዝቦች አንድ ላይ ቆሙ። በ2009 ተራራው በክልሉ የባህል ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2014 የኒው ሜክሲኮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምዝገባውን አጸናው። የቤተ ክርስቲያኑ ግንድ የተቆረጠበት ተራራ መሆኑን አትርሳ።

አንባቢው፦

ከዚህ ጋር የታኦስ ሰማያዊ ሐይቅ ይነሳ። በ1906 መንግሥት ሐይቁንና ዙሪያውን 48,000 ኤከር ወስዶ ብሔራዊ ደን አደረገው። የታኦስ ሰዎች ገንዘብ ካሳ እንስጣችሁ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ መሬቱን ነው የምንፈልገው አሉ። 64 ዓመት ተሟገቱ። ዲሴምበር 15፣ 1970 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ፈርሞ መለሰላቸው። ዛሬ ከታኦስ ሰዎች በስተቀር ማንም አይገባበትም።

ሰናይት_ዴንቨር፦

መሄድ ፈለግሁ። መቼ ይሻላል? ነውር እንዳልሠራ ምን ልወቅ?

የአልበከርኪው፦

ሴፕቴምበር 2 የሳን እስቴባን በዓል ነው፣ በእኛ ነሐሴ 27። ያን ቀን አምባው ይሞላል። በሌላ ቀን ከሆነ ከሥር ካለው የባህል ማዕከል ነው የምትጀምሪው፤ አስጎብኚ ይዞ በአውቶቡስ ያወጣሻል። ከመነሳትሽ በፊት ክፍት መሆኑን ደውለሽ አረጋግጪ።

በበዓሉ ቀን ስልክሽን መኪና ውስጥ ተዪው። ጭፈራው ሲያልቅ አይጨበጨብም። የልብሱን ወይም የዜማውን ትርጉም አትጠይቂ። ሰው ቤት ገብተሽ ብዪ ከተባልሽ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ግቢ፣ ብዪ፣ አመስግኚ። ገንዘብ ግን እንዳታወጪ። እንደጨረስሽ ተነሺ፤ ከኋላሽ ወንበር የሚጠብቅ እንግዳ አለ። ከአረንጓዴ ቃሪያ ጋር የተሠራውን ወጥ ከምድጃው ዳቦ ጋር እንዳያመልጥሽ። ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች በራቸው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ነው የሚቀመጡት። ጥሬ ገንዘብ ያዢ፣ ውሃና ባርኔጣም እንዲሁ፤ አምባው ላይ ጥላ የለም።

ሾፌሩ_አይ40፦

እኔ በዚያ ሳምንት ወደ ካሊፎርኒያ ጭነት አለኝ። መውጫ 102 ላይ አቁሜ አንድ ቀን አድራለሁ። ሰናይት፣ ከዴንቨር የምትመጡ ከሆነ እዚሁ ጻፉ፣ አብረን እንውጣ።